ቃር ሲመላለስ፦ መድኃኒትን ለረጅም ጊዜ እንዴት መውሰድና መቼ መቀነስ ይገባል

አክስቴ ቃር አላስተኛ ሲላት 20 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል ታዘዘላትና ለወራት ከእራት በኋላ፣ ወደ አልጋዋ ልትሄድ ስትል ትውጠው ነበር። መድኃኒቱ አልበጀኝም ብላ መጠኑ ከፍ እንዲልላት በሄደችበት ቀን ፋርማሲስቷ የጠየቀቻት «በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» ብቻ ነበር። ሰዓቱ ወደ ማለዳ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲዛወር ያው እንክብል በዚያው መጠን ሌሊቱን በሰላም እንድትተኛ አደረጋት።

እነ ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል የጨጓራን አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖችን ይዘጋሉ፤ የሚዘጉት ግን በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ስለሆነና ፓምፖቹን በብዛት የሚቀሰቅሳቸው ምግብ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ምግቡን ቀድሞ በደም ውስጥ መገኘት ይኖርበታል። ስለዚህ ከቀኑ የመጀመሪያ ምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ በውኃ ይዋጣል፤ አይታኘክም፣ አይፈጭም። በረመዳን ይህ ሰዓት ከሱሁር በፊት ይውላል፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰውም ሰዓቱን ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋር ተመካክሮ ይወስን እንጂ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ።

የመጀመሪያው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ መቀጠል ለሁሉም አያስፈልግም። ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ክፉኛ የቆሰለበት፣ ባሬት የሚባለው የቧንቧ ሽፋን ለውጥ የታየበት፣ ወይም ቀድሞ የጨጓራ ቁስል ደምቶበት ዛሬ ለልቡ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቆም የለበትም። ሌላው ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ «አሁንም ያስፈልገኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ ለዓመታት መውሰድ የቫይታሚን ቢ12ና የማግኒዥየም እጥረት ሊያስከትል ይችላልና። ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ) ወይም አታዛናቪር (ለኤችአይቪ የሚሰጥ) የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቶቹ ይጋጫሉ።

አሲድን በሌላ መንገድ የሚቀንሰው ፋሞቲዲን ለሌሊት ቃር ይረዳል፤ በየቀኑ ሲወሰድ ግን ሰውነት ስለሚለምደው አልፎ አልፎ መጠቀሙ ይሻላል። በጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ የሚያበርደው አንታሲድ በደቂቃዎች ውስጥ ያስታግሳል፣ ቁስል ግን አያድንም።

በእኛ ዘንድ ቃሩም ቁስሉም በጥቅሉ «ጨጓራ» ስለሚባል፣ ሐኪም የጨጓራ ቁስል የሚያመጣው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መኖሩን ለመለየት የሰገራ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ኦሜፕራዞል ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ካልተቋረጠ ተሕዋሲው እያለ የለም የሚል ውጤት ሊመጣ ስለሚችል፣ ይህን ሳይጠይቁ ናሙና መስጠት ከንቱ ድካም ነው። ምግብ ሲወርድ የሚያንቀው፣ ሳያስበው የከሳ፣ ደም ያስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ግን መድኃኒት መቀያየሩን ትቶ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ማቆሙ ላይ ነው። ለወራት የታፈነ ጨጓራ መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር ለጥቂት ሳምንታት ከቀድሞው የበለጠ አሲድ ሊያመነጭ ይችላል፤ ሰውየውም ሕመሙ ያገረሸበት መስሎት ወደ እንክብሉ ይመለሳል። አክስቴ በሐኪሟ ምክር በየሁለት ቀኑ መውሰድ ጀመረች፤ በመካከሉ ቃሩ ሲነሣባት አንታሲድ እያኘከች፣ እራቷን ከመኝታዋ 3 ሰዓት በፊት እየበላች፣ የአልጋዋንም ራስጌ በጡብ ከፍ አድርጋ ታገሠች። በሁለተኛው ሳምንት ቃጠሎው በርትቶባት ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ኦሜፕራዞሉን ሙሉ በሙሉ ተወችው።