ለበግ የቅባት እህል ሲቀርብ፦ በጨጓራው የሚሆነውና የአመጋገቡ ልክ

ለፋሲካ ሙክት የሚያደልብ ሰው ከድርቆሹ ጋር ኑግ፣ ተልባ ወይም የጥጥ ፍሬ ቢጨምር በጉ ቶሎ ሥጋ ይሞላል ብሎ መጠበቁ አያስገርምም፤ ቅባት በእኩል ክብደት ሲታይ ከእህል ስታርች ከእጥፍ በላይ ኃይል አለውና። ነገር ግን ቅባቱ አንጀት ደርሶ ለበጉ ከመጥቀሙ በፊት በትልቁ ጨጓራ ማለፍ ግድ ነው፤ የአመጋገቡም ልክ የሚወሰነው እዚያ ነው።

በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ድርቆሽና ገለባ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የቅባት እህል ሲደርሳቸው ቅባቱን ሰባብረው ግሊሰሪኑን ይጠቀሙበታል፤ የተረፈውን የቅባት አሲድ ግን ለኃይል ማዋል አይችሉም። እንደ ኑግና ተልባ ዘይት ያለው ፈሳሽ ቅባት ስለሚጎዳቸውም ሃይድሮጅን እየጨመሩ ወደ ጠጣርነት ይለውጡታል። የኑግ ዘይት በጠርሙስ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ፣ ኑግ ሲመገብ የከረመ በግ ሞራ ግን ከእሳት እንደወረደ ነጭ ሆኖ የሚረጋው ከዚሁ የተነሣ ነው። መጠኑ ሲበዛ ለውጡ ይከብዳቸዋል፤ ቅባቱ ገለባውን ይሸፍነዋል፣ አሰር የሚያብላሉትንም ይገድላል። ያን ጊዜ በጉ ማመስኳቱን ይቀንሳል፣ በጠጡ ይላላል፣ ድርቆሹንም ይተዋል።

ስለዚህ በቀኑ መኖ ውስጥ ያለው ቅባት በአጠቃላይ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 6 እጅ ገደማ እንዳያልፍ ይደረጋል። ለምሳሌ 20 ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን 700 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ቢበላ፣ ጣሪያው ወደ 42 ግራም ቅባት ይሆናል። ከመኖው ውስጥ 400 ግራም ድርቆሽ፣ 200 ግራም ፉርሽካና 100 ግራም የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) ብቻቸውን ወደ 24 ግራም ስለሚይዙ፣ የሚቀረው 18 ግራም ነው። ተልባ ከመቶ 40 እጅ ያህል ዘይት በመሆኑ የሚጨመረው ቢበዛ 45 ግራም፣ ማለትም ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ያንኑ ያህል ከፉርሽካው መቀነስም ይገባል። በጣሳ እየሰፈሩ መስጠት እህሉን ማባከን ብቻ ሳይሆን የድርቆሹንም ጥቅም ማሳጣት ነው።

በእኔ አስተያየት ኑጉን ሸጦ ፋጉሎ መግዛት ይሻላል። ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ በፋጉሎው ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው ፕሮቲንና አሰር ነው፤ ተሕዋስያኑ ፕሮቲኑን ወደ አሞኒያ ለውጠው ራሳቸውን ያባዙበታል፣ በበዙ ቁጥርም ገለባው የበለጠ ይብላላል። ከዚያ እነርሱም፣ ሳይነካ ያለፈው ፕሮቲንም ሽንፍላውን አልፈው ወደ መጨረሻው ጨጓራና ወደ አንጀት ሲደርሱ ለበጉ ምግብ ይሆናሉ። የዚህን ያህል ጥቅም ከዘይቱ አይገኝም።

ፍሬው እንዳለ የሚቀርብ ከሆነ መጠኑ ብቻ ሳይሆን አዘገጃጀቱም ይታያል። ተልባ ትንሽና ሙልጭልጭ በመሆኑ ከጥርስ አምልጦ ሳይፈጭ ሊወጣ ይችላል፤ በጠጡን በእንጨት ሰብሮ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ያገኘ ሰው ተልባውን ሸርከት አድርጎ ማስፈጨት አለበት። ከልክ በላይ ማላሙ ግን ዘይቱን በአንድ ጊዜ ስለሚለቀው አይመከርም፤ የተፈጨው ሲቆይ ስለሚበላሽም ለአንድ ሰሞን ብቻ ይዘጋጅ። ተልባን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር በውስጡ ካለው ንጥረ ነገር መርዛማ ሳያናይድ እንዲወጣ ስለሚያደርግ፣ ውኃ የሚነካው ከሆነ በሚገባ መፍላት ይኖርበታል።

የጥጥ ፍሬ ዘይቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ለጨጓራው ይመቻል፤ ነገር ግን ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለበት። ያደገ በግ በጨጓራው ውስጥ አብዛኛውን ያከሽፈዋል፤ ጨጓራው ገና ያልጎለበተ ግልገል ግን ይህ አቅም ስለሌለው ሊሰጠው አይገባም። የጉሎ ፍሬና ፋጉሎው ገዳይ ስለሆነ ለማንኛውም በግ አይቀርብም። የሻገተ የለውዝ ወይም የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሻጋታውን አራግፎ ማብላት መፍትሔ አይደለም፤ ይጣል።

አዲሱን መኖ ከታሰበው መጠን ሩቡን በመስጠት ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉው ማድረስ፣ ጠዋትም በቅድሚያ ድርቆሽ አብልቶ ፋጉሎና ፍሬውን ማስከተል ይገባል፤ ንጹሕ ውኃ ከአጠገቡ አይጥፋ። በዚህ መካከል በጉ ድርቆሹን መተው ከጀመረ መጀመሪያ የሚቀነሰው ፍሬው ነው፣ ፋጉሎው አይደለም።