መብራት ቢጠፋም የማይጠፋ ዳታ፦ የሲስተም ፕሮግራሚንግ ሙያን ለሚጀምሩ

ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጠው የባክኤንድ (ከተጠቃሚው ዓይን ተሰውሮ በሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ሙያ የሚማሩ ከሆነ፣ በየጊዜው ብቅ የሚሉትን ፍሬምወርኮች (ዝግጁ የፕሮግራም ማዕቀፎች) ከመከተልዎ በፊት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከዲስክና ከኔትወርክ ጋር የሚሠራበትን መንገድ እንዲያውቁ አጥብቄ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 አካባቢ በቤል ላቦራቶሪ የተፈጠረው የሲ ቋንቋ ዛሬም የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት (ከርነል) አብዛኛው ክፍል የሚጻፍበት ስለሆነ፣ ለእርሱ ያዋሉት ጊዜ በከንቱ አይቀርም።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ይጫኑ፤ ጂሲሲን (የሲ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይር)፣ ጂዲቢን (ስሕተት መፈለጊያ)፣ ኤስትሬስን (ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠይቀውን የሚያሳይ) እና የማን ገጾችን (የመመሪያ ጽሑፎች) በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል አንድ ጊዜ ካወረዱ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓትም መማር ይችላሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይሥሩ፦ ቁልፍና ዋጋ ተቀብሎ በፋይል መጨረሻ ላይ የሚጽፍ፣ ዳግም ሲነሣም የጻፈውን ሁሉ መልሶ የሚያነብ ትንሽ ዳታቤዝ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ራይት የተባለው የሲስተም ጥሪ (ፕሮግራሙ «ጻፍልኝ» ብሎ ለከርነሉ የሚያቀርበው ጥያቄ) «ተሳክቷል» ብሎ ሲመልስ ዳታው ብዙውን ጊዜ ገና በከርነሉ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው፤ በሊኑክስ የተለመደ ቅንብር ወደ ዲስክ ሳይወርድ 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ስለሚችል፣ በዚህ መሀል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ለደንበኛው «ተመዝግቧል» የተባለለት ክፍያ የትም አይገኝም። ስለዚህ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ዳታው ዲስክ ላይ እስኪያርፍ የሚጠብቀውን ኤፍሲንክ የተባለ ጥሪ ያስኪዱ፤ ፋይሉ አዲስ ከሆነ ፋይሉ ያለበትን ማውጫም እንዲሁ፤ በግማሽ ተጽፎ የቀረ መዝገብ እንዲለይም ለእያንዳንዱ መዝገብ ቼክሰም (ከይዘቱ የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ይጨምሩ። ኤፍሲንክ ስሕተት ከመለሰ ዝም ብለው አይድገሙት። የታዋቂው ዳታቤዝ የፖስትግሬስኪውኤል አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2018 በግልጽ እንደተረዱት፣ በሊኑክስ ላይ ሁለተኛው ጥሪ ዳታው ጠፍቶ ሳለ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ዳታቤዙ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሥራውን አቁሞ ከሎጉ (ለውጦች አስቀድመው ከሚጻፉበት ፋይል) እንዲያገግም አደረጉ።

ሙከራው ትክክለኛ ይሁን። ፕሮግራሙን በኪል ትእዛዝ ማቆም አይበቃም፤ ከርነሉ እስካልቆመ ድረስ የተጻፈው ዳታ ወደ ዲስክ መውረዱ አይቀርም። የላፕቶፑ ባትሪም የመብራቱን መጥፋት ይሸፍንብዎታል። ስለዚህ በቨርችዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ያስኪዱትና በጽሑፍ መሀል ማሽኑን በድንገት ያጥፉት።

ይህ ከተሳካ ኢፖል በተባለው የሊኑክስ መንገድ ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ሰርቨር ይጨምሩበት። ከዚያም አልፈው በሊኑክስ ከርነል ሥራ መሳተፍ ከፈለጉ፣ ማስተካከያ የሚላከው በተራ ኢሜይል መሆኑ ደካማ ኢንተርኔት ላለው ሰው መልካም ዕድል ነው።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወደ ቦሌ ወይም ወደ ካዛንቺስ ሲሄዱ የቋንቋዎችን ዝርዝር አያብዙ፤ አንድ የክፍያ ጥያቄ ከሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርክ ከሚገናኝበት በር) ተነሥቶ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ በየት በየት እንደሚያልፍና የእርስዎ ፕሮግራም በየትኛው ነጥብ ላይ ቢቋረጥ ምን እንደሚተርፍ፣ በሙከራ ካገኙት ውጤት ጋር ያስረዱ።