ፕላዝማ ጠረጴዛ በቤት ወርክሾፕ፦ ገንዘብ የሚበሉ ስህተቶች

በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ይመጣበታል። ደንበኛው ስልኩን ያወጣና ሐረግ የተቆረጠበት የግቢ በር ፎቶ ያሳያል። "ልክ እንደዚህ አድርግልኝ" ይላል። ያ በግራይንደር የሚሞከር አይደለም። ላሜራ አስጭኖ ማሽን ያለው ቤት መሄድ ደግሞ ወረፋው አለ፣ ዋጋው አለ፣ የመኪናው ኪራይ አለ። ከዚያ "ፕላዝማ ጠረጴዛውን፣ በኮምፒውተር እየተመራ ላሜራ የሚቆርጠውን ማሽን፣ ለምን ራሴ አልሠራውም?" ይመጣል።

ይሠራል። ብየዳ የሚችል፣ ቱቦላሬ ቀጥ አድርጎ መግጠም የሚያውቅ ሰው የጠረጴዛውን አካል ለመሥራት ማንንም አይጠብቅም። ሞተሩና መቆጣጠሪያ ቦርዱ ተገዝቶ ይገጠማል። ችግሩ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጭንቀቱንም ጠረጴዛው ላይ ጨርሶ ዙሪያውን ይረሳል። አየሩን፣ መብራቱን፣ ኧርዙን፣ ጭሱን። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ የሚመጡ ናቸው። እኔም ከዚያው ልጀምር።

ኮምፕሬሰሩን መጨረሻ ላይ ማሰብ

ይህን ያስቀደምኩት በብዛት የሚታይ ስለሆነ ነው። ፕላዝማ የሚቆርጠው በአየር ነው። የታመቀ አየር በጠባቡ ኖዝል ሲያልፍ የኤሌክትሪክ አርኩ ያግለዋል። ሙቀቱ ከ20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ብረቱ ይቀልጣል፣ ያው አየር የቀለጠውን ጠርጎ ወደ ታች ያወርደዋል። አየሩ ከደከመ ሁሉም ነገር ይደክማል።

45 አምፒር የሆነ ደህና ማሽን በደቂቃ ወደ 190 ሊትር አየር፣ በ6 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ጎማ ለመንፋትና ቀለም ለመርጨት የተገዛችው ትንሽ ኮምፕሬሰር ላይ "200 ሊትር በደቂቃ" ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አትመኑት። ያ ፒስተኑ የሚስበው ነው። በቱቦው የሚወጣው ከዚያ በጣም ያንሳል። በእጅ ስትቆርጡ ይህ አይታወቅም። ትንሽ ቆርጣችሁ ታቆማላችሁ፣ ታንኩም እስከዚያው ይሞላል። ጠረጴዛ ግን ዕረፍት አያውቅም። አንዱን የበር ጌጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጨርሳል። መሃል ላይ ግፊቱ ወረደ ማለት ያ ላሜራ ተበላሸ ማለት ነው።

ከባሕር ወለል አጠገብ የሚኖር ሰው የማያስበው፣ እኛ ግን ልናስበው የሚገባ ነገርም አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚስበው ሊትር ያው ቢሆንም አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ከዚያም ይብሳል። ሞተሩ ራሱ በስስ አየር እንደልቡ አይቀዘቅዝም። እኔ የምመክረው ቀላል ስሌት ነው። የፕላዝማ ማሽኑ የሚፈልገውን ሊትር እጥፍ አድርጉና የዚያን ያህል የተጻፈበት፣ በችንጋ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ግዙ። ይወደዳል፣ አውቃለሁ። በየቀኑ ኖዝል ከመቀየር ግን ይረክሳል።

ሁለተኛው የአየር ጣጣ ውሃ ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይተፋል። በሐምሌ ታንኩን ከሥር ብትከፍቱት ዝገት የቀላቀለ ውሃ ይፈሳል። ያ ውሃ ቶርቹ፣ አርኩ የሚወጣበት የመቁረጫ እጀታ፣ ጋ ከደረሰ ውስጡ ያለውን ኤሌክትሮድ ይበላዋል። አዲስ ኤሌክትሮድ ጫፉን ገልብጣችሁ ብታዩት መዳቡ መሃል ትንሽ ብርማ ነጥብ አለ። ሃፍኒየም ይባላል፣ አርኩ የሚነሳው ከእሱ ላይ ነው። ሲሠራ ነጥቡ እየጎደጎደ ይሄዳል። ጉድጓዱ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ይቀየራል። አርኩ አረንጓዴ ብልጭ ማለት ከጀመረ ሃፍኒየሙ አልቋል፣ የሚነደው መዳቡ ነው ማለት ነው፤ ወዲያው አቁሙ። በደረቅ አየር ይህ ብዙ ሥራ ይቆያል፣ በእርጥብ አየር ግን በጣት በሚቆጠር መበሳት ያልቃል።

ብዙዎች ከማሽኑ ጀርባ አንዲት የመስታወት ፊልተር ሰክተው ጨረስን ይላሉ። ፊልተሯ የምትይዘው ጠብታ የሆነውን ውሃ ነው። ገና ትኩስ ሆኖ እንደ እንፋሎት የሚያልፈውን አትይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ አየሩን አቀዝቅዙት። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን በመዳብ ቱቦ ግድግዳው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አመላልሱት፣ በየታችኛው መታጠፊያ ማፍሰሻ ቧንቧ አድርጉለት፣ ፊልተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። መጨረሻ ላይ ሲሊካ ጄል የተሞላ ማድረቂያ ከጨመራችሁ ለቤት ወርክሾፕ ከበቂ በላይ ነው።

አነሳሱን ሳይጠይቁ ማሽን መግዛት

ርካሾቹ የፕላዝማ ማሽኖች አርኩን የሚያስነሱት ሃይ ፍሪኩዌንሲ በሚባለው ብልጭታ ነው። በእጅ ለሚቆርጥ ሰው ምንም አይደለም። ኮምፒውተርና መቆጣጠሪያ ቦርድ አጠገብ ሲሆን ግን መዓት ነው። ቶርቹ በተነሳ ቁጥር ቦርዱ ይደነዝዛል፣ የመንገዱን ጫፍ የሚያሳውቀው ሊሚት ስዊች ሳይነካ "ተነክቻለሁ" ይላል፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ሰውየው ሞተሩን ይቀይራል፣ ሶፍትዌሩን ይቀይራል፣ መጨረሻ ላይ ቦርዱንም ይቀይራል። ችግሩ ግን እዚያው የፕላዝማ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል።

ሌላ ዓይነት አለ። ኤሌክትሮዱና ኖዝሉ ተነካክተው ይቆዩና የአየሩ ግፊት ሲያላቅቃቸው አርኩ ይነሳል። ለጠረጴዛ የሚሆነው ይህ ነው። ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ያለ ሃይ ፍሪኩዌንሲ ይነሳል ወይ? ብረቱን ሳይነካ ይነሳል ወይ? ለሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ለሚመራ ጠረጴዛ፣ የሚሆን ሶኬት አለው ወይ? ሻጩ ሦስተኛውን ካልመለሰላችሁ ማሽኑን አስገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።

ባለ ሃይ ፍሪኩዌንሲውን ማሽን ገዝታችሁ ከነበረም ተስፋ አትቁረጡ። የሞተሩን ገመድ ከቶርቹ ገመድ ጋር አንድ ላይ አትሰሩ። መሸፈኛ ያለው ገመድ ተጠቀሙና መሸፈኛውን በአንድ ጫፍ ብቻ ኧርዝ አድርጉ። የኧርዝ ዘንግ ግቢው ውስጥ ቅበሩና የሁሉንም ኧርዝ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቡ። የማሽኑን መቆንጠጫ ደግሞ በተቻለ መጠን የምትቆርጡት ላሜራ ላይ እንጂ የጠረጴዛው እግር ላይ አትንከሱት። ከኮምፒውተሩ ወደ ቦርዱ የሚሄደው መስመር ኢተርኔት ቢሆን ከዩኤስቢ በጣም ይሻላል።

"ቤቱ መብራት አለው" ብሎ መነሳት

ባለ 45 አምፒር ማሽን በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ሁለት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ እንደተጣደ ቁጠሩት። ኮምፕሬሰሩ በላዩ ይነሳል፣ ሲነሳም ለቅጽበት የተለመደውን ብዙ እጥፍ ይስባል። ተራው ባለ አንድ ፌዝ የቤት ቆጣሪ ይህን አይችልም። ብሬከሩን ከፍ ባለ መቀየር መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ፤ ያኔ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ጠረጴዛውን ከመጀመራችሁ በፊት የባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ጉዳይ ይለቅ። ማመልከቻው ጊዜ ይወስዳል፤ ብየዳው እስኪያልቅ ይደርስ ይሆናል።

ደግሞ ከሥራችሁ በላይ አትግዙ። የምትቆርጡት 1.5 እና 2 ሚሊሜትር ላሜራ ከሆነ 30 አምፒር ላይ፣ በ30 አምፒር ኖዝል መሥራት ያጠራዋል። 100 አምፒር ማሽን ለጉራ ካልሆነ ለበር ጌጥ አያስፈልግም።

መብራት በሥራ መሃል ይጠፋል። ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማሽኑ መነሻ ቦታውን (ቤቱን) የሚያውቅባቸውን፣ ሆም ስዊች የሚባሉትን ከመጀመሪያው ግጠሙ፣ የላሜራውን መነሻ ነጥብም መዝግቡ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ቤቱን ያገኛል፣ እናንተም ካቆመበት ትቀጥላላችሁ። ይህ ከሌለ ግማሽ የተቆረጠ ላሜራ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ነው የሚሆነው።

ጋንትሪውን እንደ ድልድይ ማክበድ

የብረት ሠራተኛ ደመ ነፍሱ "ወፍራም ይሁን" ነው። እዚህ ላይ ደመ ነፍሱ ያሳስተዋል። ፕላዝማ ብረቱን አይነካውም፣ አይገፋውም። ጋንትሪ፣ ቶርቹን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሄደው አግዳሚ፣ የሚሸከመው የራሱንና የቶርቹን ክብደት ብቻ ነው። ዋናው ነገር ቶሎ መነሳትና ቶሎ መቆም መቻሉ ነው። ቀጭን ላሜራ በደቂቃ ከ5 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይቆረጣል። ከባድ ጋንትሪ ጥግ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አርኩ እዚያው ይቆያል፣ ሹል መሆን የነበረበት ጥግ ተቃጥሎ ይድቦለቦላል። ስለዚህ እግሩንና ፍሬሙን እንደፈለጋችሁ አክብዱ፤ ጋንትሪውን ግን በአልሙኒየም ወይም ግድግዳው ስስ በሆነ ቱቦላሬ ሥሩት። በሁለቱም ጎን ሞተር ይኑረው። በአንድ ጎን ብቻ የሚጎተት ጋንትሪ ይጣመማል።

ሐዲዱን አትበይዱት፤ በብሎን እሰሩት፣ ከሥሩ ስስ ላሜራ እያስገባችሁ አስተካክሉት። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይስባል፣ ይህን ለእናንተ መንገር አያሻም። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። እኩል ካልሆኑ የምትቆርጡት ካሬ ካሬ አይሆንም። ስፋቱን ደግሞ ገበያ ላይ ባለው ላሜራ ልክ አስቡት። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነውን የማይቀበል ጠረጴዛ ከሠራችሁ ዕድሜ ልካችሁን ላሜራ ስትቆራርጡ ትኖራላችሁ።

ያለ ቁመት መቆጣጠሪያ መሥራት

"ላሜራው ጠፍጣፋ ነው፣ ቶርቹን አንዴ ካስተካከልኩት ይበቃል" የሚል ሰው ገና አልቆረጠም። በቶርቹና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስስ ላሜራ ሲግል በዓይን የሚታይ ያህል ይነሳል። ቶርቹ ይነካዋል፣ ይጎትተዋል፣ ወይም ይርቀውና መቁረጡን ያቆማል። የቁመት መቆጣጠሪያው የአርኩን ቮልቴጅ ያያል። ርቀቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ይጨምራል፣ እሱም ቶርቹን ያወርደዋል።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ጥግ ላይ ጋንትሪው ፍጥነቱን ሲቀንስ አርኩ ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል፣ ቮልቴጁም ከፍ ይላል። መቆጣጠሪያው "ርቄያለሁ" ብሎ ያስብና ቶርቹን ብረቱ ላይ ይተክለዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲወርድ መቆጣጠሪያው እንዲያርፍ በሶፍትዌሩ ላይ አዘጋጁት። ሲበሳ ደግሞ ከፍ ብሎ ይብሳ፣ 3.8 ሚሊሜትር አካባቢ፤ ከዚያ ይውረድ። ዝቅ ብሎ ከበሳ የቀለጠው ብረት ሽቅብ ይረጭና ኖዝሉን ይደፍነዋል።

ጭሱን በወተት መመለስ

ጋልቫናይዝድ የሚበይድ ሰው ማታ ወተት ይጠጣል። ስንሰማው የኖርነው ነው። ወተት ሳንባ ውስጥ የገባውን ጭስ አያወጣም። የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። የስቴንለስ ስቲል ጭስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ውስጡ ያለው ክሮሚየም ካንሰር አምጪ ነው።

ከላሜራው ሥር ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ የያዘ ገንዳ አብዛኛውን ብናኝ ያስቀረዋል፣ ላሜራውም ብዙ አይጣመምም። ጠረጴዛውን በውሃ ልክ አስተካክሉት፣ አለበለዚያ አንዱ ጎን ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ቢኖርም ወርክሾፑን ክፍት አድርጉት፣ ማስክም አይቅር። ላሜራውን የሚሸከሙት ጠፍጣፋ ብረቶች አብረው እንደሚቆረጡ እወቁና ሳይበየዱ በሚነቀል ማስገቢያ ላይ አቁሟቸው።

አልሙኒየም ግን በውሃ ገንዳ ላይ ቤት ውስጥ አትቁረጡ። የቀለጠ አልሙኒየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይወጣል። ጋዙ ከላሜራው ሥር ይጠራቀማል፣ የሚቀጥለው ብልጭታ ያፈነዳዋል። ገንዳው ሥር የተቀመጠው የአልሙኒየም ዝቃጭ ሥራው ካለቀ በኋላም ጋዝ ማውጣቱን ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሥዕሉን ሳያዘጋጁ መቁረጥ

አየሩ በኖዝሉ ውስጥ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ የቁርጡ ሁለት ጎኖች እኩል አይደሉም። ቶርቹ ወደሚሄድበት ፊት ስታዞሩ በስተቀኝ ያለው ጎን ቀጥ ይላል፣ በስተግራ ያለው ያጋድላል። ስለዚህ ውጫዊውን መስመር በሰዓት አቅጣጫ፣ ውስጣዊውን ቀዳዳ በተቃራኒው አስቆርጡ። ጥሩው ጎን ሥራችሁ ላይ፣ መጥፎው ቁርጥራጩ ላይ ይቀራል። አርኩ መስመሩ ላይ አይብሳ፣ ከጎን በስቶ ይግባ። በ45 አምፒር መስመሩ ራሱ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ይበላል፤ ይህን ሶፍትዌሩ ካልተነገረው ማጠፊያው አይገጥምም።

ከሥር የሚንጠለጠለው ስላግም ይናገራል። ወፍራምና በመዶሻ ቀስ ሲሉት የሚረግፍ ከሆነ በጣም ቀስ ብላችኋል። ስስ ክር ሆኖ በግራይንደር ካልሆነ የማይለቅ ከሆነ ፈጥናችኋል።

ለብሎን የሚሆን ቀዳዳ ስትቆርጡ ፍጥነቱን ከመደበኛው ወደ 60 በመቶ አውርዱት። ስፋቱ ከላሜራው ውፍረት የሚያንስ ቀዳዳ ከሆነ ግን በፕላዝማ አትሞክሩት። ቶርቹ ነጥቡን ብቻ ይምታላችሁ፣ ቀሪውን በድሪል ጨርሱት።