ቤቱ ጋዝ ጋዝ ሲሸት

ሽሮው ገና መንተክተክ ሲጀምር ጋዝ ጋዝ ሸተተ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መብራት አብርቶ ከየት እንደመጣ መፈለግ ነው። ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ጋዝ ለታመቀበት ቤት ያቺ ትበቃለች። የበራውን መብራት አታጥፉ፣ የጠፋውን አታብሩ። ምድጃውንና ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። መስኮት ብቻውን አይበቃም፤ ይሄ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ስልክ የምትደውሉትም ውጭ ወጥታችሁ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እሳት አደጋ 939 ነው።

ሽታው ጠፍቶ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ወደ ፍለጋው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሲሊንደሩ አይደለም። ወይ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለው የጋዝ መቆጣጠሪያ) የሚገጥምበት ቦታ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃለች፣ ወይ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት፣ ፋሸታው፣ ላልቷል። የሳሙና አረፋ በስፖንጅ አንሱና መገጣጠሚያዎቹን ቀቡ። ምድጃው እንደተዘጋ ሲሊንደሩን ብቻ ክፈቱ። ጋዙ የሚወጣው አረፋው እያበጠ በሚመጣበት ቦታ ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አጋጥሞኛል፤ እባካችሁ!

የእኔ ቤት ቱቦ ከፊት ሲያዩት አዲስ ነበር። ከምድጃው ጀርባ፣ ሙቀቱ የሚያገኘው በኩል ግን እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ፕላስተር መጠቅለል አይሰራም። ለጋዝ የተሰራ አዲስ ቱቦ ግዙ፤ የውሃ ጎማ አይተካውም። ጫፎቹን በሽቦ ሳይሆን በፋሸታ እሰሩ። አረፋው ያበጠው ራሱ የሲሊንደሩ መክፈቻ ላይ ከሆነ ግን አትነካኩት። ዘግታችሁ ወደ ሜዳ አውጡት፣ ከቦይ አርቁት፣ ለሸጠላችሁ ሰው ደውሉ።

እሳቱ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ ጋዙ በቂ አየር አላገኘም። አንዳንዴ የገነፈለ ወጥ የማቃጠያውን ቀዳዳ ደፍኖት ነው። ሲቀዘቅዝ አውጥታችሁ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት። ካልተስተካከለ ባለሙያ ይየው። ለድስቱ ብላችሁ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፣ እሱ ደግሞ አይሸትም። የጋዙ ሽታ እንኳ ፍሳሹ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረ እንጂ የራሱ አይደለም። ቢጫ እሳት እያለ ራስ ምታት ወይም ማጥወልወል ከመጣ አጥፉና ውጡ።

እሳቱ ከደከመ ምናልባት ጋዙ እያለቀ ነው። ሲሊንደሩን ማጋደም ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይሞከርም፤ ሲጋደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጋዝ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ይሄዳል። ይልቅ መዝኑት። የባዶው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተቀርጿል። 14 ኪሎ ከተባለና ሚዛኑ 14.5 ካለ የቀራችሁ ግማሽ ኪሎ ነው። ለሻይ ምንም አይልም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ግን በሱ አልጀምርም።