ያገለገለ የሸራ ጀልባ ስትገዙ፦ ውሃው የት ገባ?

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሐበሻ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ፓራፋንጎውን በጣቱ ያንኳኳል። ድምፁ ከደነዘዘ ስቱኮ አለ ማለት ነው። እኔን ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ላይ ጀልባ ሳፈላልግ ያዳነኝ ይኸው ልማድ ነው።

በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር በፈረንጆቹ 1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ሞልተዋል። አንዳንዱ ባሮጌ መኪና ዋጋ ይገኛል። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም። በውስጡ የታሸገው እንጨት ግን ይበሰብሳል፣ ብረቱም ይዝጋል። ስለዚህ ጀልባ ስታዩ ቀለሙን ተዉትና ውሃው የት እንደገባ ፈልጉ።

ዴኩ ሲረገጥ ይለሰልሳል

ዴክ የምንቆምበት የላይኛው ወለል ነው። ከላይና ከታች ስስ ፋይበርግላስ አለ። መሐሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፖርሳቶ ነው፤ ልክ እንደ ሳንዱች። ጫማችሁን አውልቁና ቀስ ብላችሁ ተራመዱበት። ጤነኛው ንቅንቅ አይልም። የታመመው ከእግራችሁ ስር ረገብ ይላል፤ አንዳንዴም ይንጫጫል።

ከዚያ በካቻቪቴ እጀታ አንኳኩት። ደረቁ ቦታ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውሃ የገባበት «ድብ» ይላል።

አንድ 30 ጫማ ጀልባ አይቼ ነበር። ዴኩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። መሐሉን ሳንኳኳው ምንም አልነበረውም። የዳር መደገፊያው ዘንግ እግር ጋ ስደርስ ግን ድምፁ ተለወጠ። ድብ። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብዬ ሞከርኩ፤ አሁንም ድብ። ወደ ውስጥ ገብቼ የመደርደሪያውን በር ከፈትኩ። ከቡሎኑ ጫፍ እስከ ታች ድረስ ሻይ የመሰለ ቡናማ መስመር ወርዷል። ቀለሙ ይህን ሊሸፍነው አልቻለም። ባለቤቱን አመስግኜ ወጣሁ።

ምክንያቱ ሁሌም ያው ነው ማለት ይቻላል። በዴኩ ላይ የታሰረ ነገር ሁሉ ቡሎን አለው፣ ቡሎኑም ቀዳዳ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስቲሽ ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የዝናብ ውሃ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም።

የለሰለሰው ቦታ መዳፍ የሚያክል ከሆነ ይሠራል። የላይኛው ፋይበርግላስ ይቆረጣል፣ የበሰበሰው እንጨት ተፍቆ ይወጣል፣ በደንብ ይደርቃል፣ አዲስ እንጨት በኤፖክሲ (ሲደርቅ ድንጋይ በሚሆን ማጣበቂያ) ይገባና ይዘጋል። ኤፖክሲ በመርፌ ወግታችሁ ጨርሱት የሚላችሁን አትስሙ። እርጥብ እንጨት ላይ አይጣበቅም። ቡሎኑን ስትመልሱ ደግሞ ቀዳዳውን አስፍታችሁ በኤፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሐሉን ብሱት። ማስቲሹ እንደገና ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የዴኩ እኩሌታ ድብ ካለ ግን ጀልባው በነፃ ቢሰጣችሁም ውድ ነው።

ከምሰሶው ገመዶች ስር የዝገት እንባ

ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች ጉልበታቸው የሚያርፈው ዴኩን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ በሚገባ ብረት ላይ ነው። ቼይንፕሌት ይባላል። ስቴንለስ ስቲል ስለሆነ አይዝግም ብላችሁ አትዘናጉ። ስቴንለስ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን አየር ይፈልጋል። ዴኩ ውስጥ በእርጥበት ታፍኖ ሲቀመጥ በስንጥቅ በስንጥቁ ይበላል። ከላይም ከታችም እያብረቀረቀ፣ በማይታየው መሐሉ ላይ ሊበጠስ ይችላል። ያኔ ምሰሶው ይወድቃል።

ማወቂያው አንድ ነው፤ ፈትቶ ማውጣት። ጉድጓድ ወይም ስንጥቅ ካለው ይቀየራል። የታሰረበትን የኮምፖርሳቶ ግድግዳም በወስፌ ወጋ አድርጉት። ጠቁሮ ወስፌውን ከዋጠው ሥራው ከብረቱ ይበልጣል።

ለገመዶቹ ሶፍት ያዙና ከታች ወደ ላይ ሳቡት። በባዶ እጅ አትሞክሩ። አንዲት የተበጠሰች ክር ካለች ሶፍቱን ትይዘዋለች። እሷ ካለች የዚያን ዘመን ገመዶች በሙሉ ለመቀየር ገንዘብ ቁጠሩ። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለፋቸውን ገመዶች ኢንሹራንሶችም ብዙ ጊዜ ይጠይቁባቸዋል።

ከታች፣ ከኪሉ ጋር የተሰነጠቀ መስመር

ይህን ለማየት ጀልባው ከውሃ መውጣት አለበት። ኪል ከሆዱ በታች የተንጠለጠለው ከባዱ እርሳስ ወይም ብረት ነው። በፊት ለፊቱ መጋጠሚያ ላይ ፈገግታ የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያው አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ መሙያው ብቻ ነው። ቡሎኖቹ በአምራቹ ልክ ይጠበቃሉ፣ መጋጠሚያው ተፍቆ እንደገና ይታሸጋል።

ግን ቼሳፒክ ጥልቀቱ በአማካይ ከ7 ሜትር ያነሰ ነው። መሬት ያልነካ ጀልባ ጥቂት ነው። ኪሉ በፊቱ ሲመታ የኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ከውስጥ፣ በኪሉ የኋላ ጫፍ በኩል ያሉት ድጋፎች መሰንጠቃቸውን በባትሪ እዩ። ዳዶዎቹ ዝገው ቅርጻቸውን ካጡ ወይም በዙሪያቸው ውሃ የሚያዥ ከሆነ ኪሉ ወርዶ መታየት አለበት። የዚያ ወጪ ደግሞ ጀልባው ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

እግረ መንገዳችሁን መሪውን፣ ማለትም ከኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባውን የሚያዞረውን ክንፍ፣ ተመልከቱ። ከውሃ ከወጣ በኋላ ከታቹ ቡናማ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውስጡ ያለው ብረት እየዛገ ነው። ሆዱ ላይ ያሉ፣ ሲፈነዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ የሚወጣቸው ትንንሽ እብጠቶች ግን ጀልባ ሲያሰምጡ እምብዛም አይታዩም። ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው።

ሞተሩ

ከመነሳቱ በፊት እጃችሁን አስቀምጡበት። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ አውጥቶ ቢተው ችግር የለውም። ካልተወ ወይ ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ ወይ ውሃ ገብቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ጭስ አየር ማነስ፣ አንዳንዴም ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር የተለጠፈበት ፕሮፔለር ነው፤ እሱ ተፍቆ ይጠራል። የዘይቱን መለኪያ አውጡ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሏል፣ ትታችሁት ሂዱ።

ይህ ሁሉ የእናንተ ማጣሪያ እንጂ የባለሙያ ምርመራ ምትክ አይደለም። ባለሙያው ሰርቬየር ይባላል፤ ውሉ ላይ «በሰርቬየር ምርመራና በባሕር ላይ ሙከራ መሠረት» የሚል ይግባ። አሜሪካ ውስጥ ሳምስ እና ናምስ የሚባሉ የሰርቬየሮች ማኅበራት አሉ። ሰውየውን ራሳችሁ ምረጡት፣ ሻጩ አይምረጥላችሁ። ሲያንኳኳም አብራችሁት ቁሙ።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ደግሞ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት አድርጉት። በጠዋት ሂዱ፣ መደርደሪያውን ሁሉ ክፈቱ፣ ትራሶቹን አንሱ፣ ጥግ ጥጉን በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥብ ጥግ ካገኛችሁ በላዩ ያለውን ቡሎን ፈልጉት።