«በዲ» ጀርመንኛው ምንድን ነው? ልጁን የጠራው ማን እንደሆነ ንገሩኝ

ጅማ ውስጥ ጀርመንኛ የማስተምራቸው ልጆች የእንግሊዝኛ ፊልም ንግግር ሲተረጉሙ የሚይዛቸው ከባዱ ቃል አይደለም፤ አባት ልጁን «ሄይ በዲ» (buddy፣ «ጓደኛዬ» እንደማለት) ያለው ጊዜ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ኩምፕል» ይላቸዋል፣ እነሱም ይጽፉታል። ኩምፕል ግን በጀርመን ሩር አካባቢ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት፣ የእኩያ ቃል ነው። አባት የ5 ዓመት ልጁን በዚህ ሲጠራ ለጀርመን ጆሮ ትርጉም መሆኑ ያስታውቃል። እናቶቻችን ትንሹን ወንድ ልጅ «ና አባቴ» ሲሉት፣ «ፋተር» (አባት) ብሎ የሚተረጉም አለ?

ስለዚህ መጀመሪያ ተናጋሪው ማን እንደሆነና የልጁን ዕድሜ ለዩ፤ ቀጥሎ በአማርኛ ምን ይለው እንደነበር አስቡ። ሕርማታ ገበያ ውስጥ ዕቃ የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ የቆመን ሕፃን «ማሙሽ፣ ዞር በል» ይለዋል። እንዲህ ላለው ቦታ «ክላይነር» (ትንሹ) ልክ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ኪዶ»ም ብዙ ጊዜ እዚሁ ይገባል፣ ለሴት ልጅ «ክላይነ» ይሆናል። 12 ዓመት የሞላውን ግን ክላይነር አትበሉት፣ ይከፋዋል። የጫማውን ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ላሰረ ልጅ አባቱ «ቻምፕ» ካለው፣ እኛ «የኔ ጀግና» እንደምንለው ነው፤ በጀርመንኛ «ማይን ግሮሰር» (ትልቁ ልጄ) በሉት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው፤ ፍቅሩም ኩራቱም አብሮ አለበት። ሽማግሌ የራሱ ያልሆነን ልጅ በእንግሊዝኛ «ሰን» (ልጄ) ብሎ ሲጠራ፣ ቃል በቃል «ዞን» ብላችሁ አትተዉት፤ «ማይን ዩንገ» ነው።

ቁጣ ካለበት «ዩንገር ማን» (ወጣቱ ሰውዬ) ይሠራል። «ፍሮይንትሸን» ግን ወዳጅነት እንዳይመስላችሁ፦ ቃሉ «ትንሹ ጓደኛ» ማለት ቢሆንም የሚነገረው ለማስጠንቀቂያ ነው። ጎረምሶች እርስ በርስ ሲጠራሩ «አልተር»፣ ሐምቡርግ ከሆነ «ዲጋ»። በደቡብ ጀርመን ባቫሪያና በኦስትሪያ ወንድ ልጅ «ቡብ» ነው።

አንዱም ካልገጠመ የልጁን ስም ጻፉ፣ ወይም ቃሉን ዝለሉት። ጀርመኖች ልጅን በየዓረፍተ ነገሩ አይጠሩም፤ እንግሊዝኛው ሦስት ጊዜ «በዲ» ካለ አንዱ ይበቃል። የመረጣችሁትን ከተናጋሪው ስም ጎን በማስታወሻ ያዙት፤ አባትየው ካልተቆጣ በቀር እስከ መጨረሻው በዚያው ይጥራው።