እንጦጦ ሥር ቁጭ ብሎ የፀሐይን ፕላዝማ ፍጥነት መለካት

እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም የፀሐይን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ የጋለ ጋዝ) ፍጥነት ለመለካት አይረዳም። 1,400 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ፣ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) አካባቢ ያለውን አልትራቫዮሌት ኦክስጅን ገና ከላይ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ መረጃው የሚወሰደው ከሳተላይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀችው የናሳ የፀሐይ ሳተላይት አይሪስ (IRIS) መረጃዋ ለሁሉም ክፍት ነው።

"ሌቭል 2" የሚለውን፣ ማለትም የመሣሪያው እርማት የተደረገበትን ፋይል አውርዱ። አንዳንዱ ጊጋባይት ያልፋል። ሱሉልታም ሆነ ቡራዩ መብራት ሲሄድ ከዜሮ እንዳትጀምሩ፣ ከቆመበት በሚቀጥል ማውረጃ ተጠቀሙ።

ፍጥነቱ የሚነበበው የስፔክትረም መስመር (አንድ ንጥረ ነገር የሚያበራበት የሞገድ ርዝመት) ከቦታው ምን ያህል እንደሸሸ በማየት ነው። ለመጀመሪያ የሲሊከን 4ን (ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ሲሊከን) 1402.77 አንግስትሮም መስመር ምረጡ፤ 80,000 ኬልቪን አካባቢ ካለ ፕላዝማ ይወጣል። የማግኒዚየም 2796 መስመር ደምቆ ያጓጓል፣ ግን ብርሃኑ በጋዙ ውስጥ ተደጋግሞ እየተዋጠ ስለሚወጣ ቅርጹ ለአንድ ጋውሲያን (የደወል ቅርጽ ላለው ኩርባ) አይገዛም።

በፓይተን ስትከፍቱት -200 የሆነው ሁሉ "መረጃ የለም" ማለት ነው፤ አውጡት። ካላወጣችሁት የመስመሩን መሐል ይጎትተዋል። ከዚያ ከመስመሩ ግራና ቀኝ 0.5 አንግስትሮም ወስዳችሁ ጋውሲያንና ጠፍጣፋ ዳራ አንድ ላይ አጣጥሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዜሮው፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚለካበት መነሻ ላይ ነው። ሳተላይቷ ምድርን ስትዞር ትሞቃለች፣ ትቀዘቅዛለች፤ ስፔክትረሙም አብሮ ይንሸራተታል። አንድ ፒክስል 0.0128 አንግስትሮም ነው፤ ይህም 2.7 ኪ.ሜ. በሰከንድ ማለት ነው (ፒክስሎቹ ተጣምረው ከሆነ እጥፍ፤ ሄደሩን፣ ማለትም የፋይሉን መግለጫ እዩ)። በፋይሉ ላይ እርማት ቢደረግም ጥቂት ይቀራል። እዚያው መስኮት ውስጥ የገለልተኛ ሰልፈር መስመር 1401.51 ላይ አለ፤ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ደካማ ስለሆነ ከጸጥተኛው የፀሐይ ክፍል ብዙ ረድፎችን ደምሩና፣ 1401.51 ላይ እስኪቀመጥ ሚዛኑን ግፉት።

አሁን አስሉ። መሐሉ 1402.817 ከሆነ ልዩነቱ 0.047 ነው፤ በ1402.77 አካፍላችሁ በብርሃን ፍጥነት (299,792 ኪ.ሜ. በሰከንድ) ስታበዙት 10 ኪ.ሜ. በሰከንድ ይሆናል። ወደ ቀይ ስለሸሸ ፕላዝማው ከእኛ ይርቃል። በፀሐይ ገጽ መሐል ይህ ቁልቁል መውረድ ነው፤ ጠርዝ ላይ ግን እንዲያ ብላችሁ አትተርጉሙት።

ስፋቱንም አትጣሉት። በግማሽ ከፍታ 0.20 አንግስትሮም ከለካችሁ፣ ከካሬው ላይ የመሣሪያውን 0.026 ካሬ ቀንሳችሁ ሥሩን አውጡ፤ ወደ ፍጥነት ለውጡና ለ1.665 (የግማሽ ከፍታን ስፋት ወደ ጋውሲያኑ የፍጥነት ስፋት ለሚቀይረው ቁጥር) አካፍሉ፦ 25.5 ገደማ። ከሙቀቱ ብቻ የሚመጣውን 6.9 እንዲሁ በካሬ ስትቀንሱ 24.5 ኪ.ሜ. በሰከንድ ይቀራል፤ ይህ የንውጥውጡ ድርሻ ነው።

ሁለት ጉብታ ካያችሁ ሁለት ጋውሲያን ሞክሩ። አስቀድማችሁ ግን የ1393.76ን ድምቀት ለ1402.77 አካፍሉ። ከ2 በግልጽ ካነሰ መስመሩ ራሱን እየዋጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉብታዎቹን እንደ ሁለት ፍሰት አትቁጠሯቸው።